ልጓም የገባለት ጠበቃ

ጠበቃው ያን ጠዋት አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አቃተው። መታጠቢያ ቤት ገባ፣ መስታወት ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ወጣ፣ ከረባቱን ሳያስር ተመልሶ ገባ። ማታ ያጠለቀው አዲሱ የጥርስ ማስተካከያ ሌሊቱን ሙሉ መንጋጋውን እንደ ጠባብ ጫማ ሲጨቁነው አድሯል። ነገሩ እንደ መስታወት የጠራ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ለላይኛው ጥርስ አንድ፣ ለታችኛው አንድ። ጥርስ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጥና ጠማማውን ቀስ እያለ ወደ መስመሩ ይገፋዋል፤ ግፊቱ ሲያልቅ ይወልቅና ትንሽ ጠበቅ ባለ በሌላ ይተካል። ሐኪሟ "ማስተካከያ" ትለዋለች። ሚስቱ ግን ገና ያየችው ዕለት "ልጓም" ብላ ስም አወጣችለት።

"ልጓሙ ገባ?" አለችው ከወጥ ቤት ሆና።

"ገባ።"

"ተመስገን! ዛሬ እንኳ ጎረቤቱ በሰላም ይውላል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ ሳይሰጣት አይተዋትም ነበር። ዛሬ ግን ምላሱ ሥራ በዝቶበታል፤ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ጋር ይተሻሻል፣ ወደ ላንቃው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ እሱው መቀመጫ ያጣል።

በፍርድ ቤት ኮሪደር ይህን ሰው "ምላጭ" ይሉታል። ስሙን ያገኘው በምላሱ ነው። ሃምሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ቁጡ፣ መጽሐፍ የጠገበ፣ ሲከራከር ጠረጴዛ የሚደልቅ፣ ሲሸነፍ ሌሊት የማይተኛ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን አንድ የፊት ጥርሱ በጎረቤቱ ላይ እግሩን አንሥቶ እንደተቀመጠ ጌታ ተደርቦ ኖሯል። ስለዚህ ምላጭ ሲሳደብ አፉን ሞልቶ ነው፤ ሲስቅ ግን እጁን አፉ ላይ ጭኖ። ያን እጅ ከአፉ ላይ ለማንሣት ነው ልጓም የገባው።

ደግሞስ ምን ነውር አለው? ሰው በዚህ ዕድሜው ቤት ሲያድስ "እሰየው" ይባላል። መኪና ሲቀይር "እንኳን ደስ ያለህ" ይባላል። ጥርሱን ሊያቀና ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ግን ያው እሰየው ባይ አፉን አጣሞ "ሊሞሸር ነው እንዴ?" ይላል። ለመኪናው ጎማ አሰላለፍ ጋራዥ ተሰልፎ የሚውል ሰው የጥርስ አሰላለፍ ቅንጦት ይመስለዋል! ጠበቃው ይህን ክርክር በልቡ አሳምሮ ጽፎታል፤ ማንም የሚመልሰው አይደለም። ችግሩ አንድ ጊዜም ለሰው ሳይናገረው መቅረቱ ነው። ልጓም እንደገባለት ከሚስቱና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም። የሰውን ሁሉ ገመና አደባባይ የሚያወጣው ምላጭ፣ ድፍረቱ እዚህች ላይ ሲደርስ ያልቃል።

ችሎት በዋለ ቁጥርም ማስተካከያውን ከመኪናው ሳይወርድ አውልቆ ኪሱ ይከተው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ደረሰችበት። ወጣት ናት፤ እጇ እንጂ ምላሷ አይለሰልስም። አፉን አስከፍታ አየች፣ ማስተካከያውን ገጠመች፣ አልገጥም አለ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

"ጠበቃ፣ ይህን ነገር የሚያጠልቀው ማነው? ጥርስዎ ነው ኪስዎ?"

"ዶክተር፣ አንዳንድ ቀን ችሎት ላይ…"

"ኪስዎ በጣም አምሮበታል። ጥርስዎ ግን የነበረበት ቁጭ ብሏል። ይስሙኝ፤ ከምግብና ከመቦረሽ በቀር አይወልቅም። ዳግመኛ እንዲህ ካገኘሁት ከሀ ነው የምንጀምረው።"

ማለላት። እውነተኛ መሐላ ነበር፤ እልኸኛ ሰው ቃሉን የሚጠብቀው ስለሚወደው አይደለም፣ መሸነፍ ስለሚጠላ ነው።

"ሌላም ልንገርዎ" አለች ጓንቷን እያወለቀች። "አዲሱ ሲገባ ለጥቂት ቀን ምላስ ይጠብበዋል። ሰ ወደ ሸ ይሄድብዎታል። እቤትዎ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ይለቃል።"

"እኔን ነው ንባብ የሚያስተምሩኝ? እኔ እኮ ጥርሴን የነቀልኩት ችሎት ውስጥ ነው!"

"የነቀሉትን አይደለም የማክመው፤ የቀረውን ነው።"

አላነበበም። እንዴት አድርጎ ያንብብ! አዲሱን የማጥለቂያ ቀን ከዛሬው ችሎት ዋዜማ ጋር ሲገጥምም አንድ ቀን ላሳልፈው አላለም። ማታ አጠለቀው፣ ጠዋት ለሚስቱ ያላት "ገባ" የሚለውን ብቻ ነው። "ገባ" ውስጥ ደግሞ ሰ የለም።

*

የዛሬው ጉዳይ የልብስ ሰፊዋ ነው። እሷና ወንድሟ ከአባታቸው አንድ ቤት ወርሰዋል፤ የጓሮው የሱ፣ መንገድ ዳር ያለው ክፍል የሷ። እዚያ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ ኖራ ዓይኗ ሲደክም ክፍሉን ከነስፌት መኪናው ላሳደገቻት ልጅ ሰጠቻት። አልወለደቻትም እንጂ ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት ናት፤ "እማዬ" ነው የምትላት። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ተነሣ። "አልሰጠቻትም፣ ሸጣላታለች" ብሎ ከሰሰ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ የጋራ ቤት ላይ ድርሻውን የሚሸጥ ሰው ቀድሞ ለወንድሙ ማቅረብ አለበት። የሰጠ ግን ማንንም አይጠይቅም። ከሸጠች ክፍሉ ለወንድምየው ይሆናል፤ ከሰጠች ለልጅቷ። ነገሩ ሁሉ በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። እስኪወሰን ድረስም ወንድምየው ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይዞራል፤ የደንበኛ ልብስ በግማሽ እንደተሰፋ መኪናው ላይ ቀርቷል።

ጠበቃው ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ እናትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ዳቦ እየቆረሰች ታጎርሳታለች። እሱ አልተቀመጠም።

"እማማ፣ ምንም አያሽቡ" አላት። "ዳኛዋ የሽጦታውን ውል አይታዋለች።"

"የምኑን?"

"የሽጦ… የውሉን ወረቀት።"

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። "ልጄ፣ ስፒል አፍህ ውስጥ ይዘሃል እንዴ? እኔ ልብስ ስለካ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ሳወራ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ።"

"ጉንፋን ነው።"

"ጉንፋን አፍንጫ ይይዛል እንጂ ምን ምላስ ያዘው!"

"ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለች ልጅቷ ደንገጥ ብላ። ድምፁን የሰማች ጊዜ ነው የደነገጠችው። የሷን ኑሮ የሚሸከመው ያ ድምፅ ነውና።

"አልፈልግም። ይቆዩኝ።"

መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ገፋ። መሐላውም ይፍረስ፣ ሐኪሟም ትቆጣ፣ አውልቆት ይገባል። ሁለት ጣቱን ወደ ኋላኛው መንጋጋ ሰደደ፣ ጥፍሩን በፕላስቲኩ ጠርዝ ሥር አስገባ፣ ሊስብ ሲል በሩ ተከፈተ። የገባው የወንድምየው ጠበቃ ነው። አብረው የተማሩ ናቸው፤ ያኔም አይዋደዱም። ይሄኛው ጮኾ አያውቅም፤ ሲወጋም እየሳቀ፣ እያለሰለሰ ነው፣ ስለዚህ "ቅቤው" ይሉታል። ቅቤው እጁን እየታጠበ በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተው። ጠበቃው ጣቶቹን ከአፉ አወጣና ሳል አስመሰለ።

"ምላጭ፣ ጥርስህን አመመህ እንዴ?"

"አንተን ሻይ ያመኛል።"

"ሻይ?" ቅቤው እጁን አራገፈ። "አመሰግናለሁ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁ።"

ጠበቃው ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ። እዚህ ሰውዬ ፊት ለሃጩን እያዝረበረበ ፕላስቲክ ከአፉ ሊያወጣ? ሞት ይሻላል! በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ፤ ስማቸው እየተጠራ ነበር።

*

ዳኛዋ ፊቷን የማትፈታ፣ ጥያቄ የማትደግም ሴት ናት። ጸሐፊው ከጎኗ ተቀምጦ የተባለውን ሁሉ እየሰማ ይጽፋል። መጀመሪያ ቅቤው ተነሣ።

"ክብርት ዳኛ፣ ውሉ 'ስጦታ' ይላል፤ እኛም አይተነዋል። ግን ልጅቷ ለአሮጊቷ በየቀኑ ምግብ ታቀርባለች። መድኃኒት ትገዛለች። መነጽር አሠርታላታለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? በአንድ ጊዜ ያልተከፈለ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል ዋጋ ነው። ስሙን 'ስጦታ' አሉት እንጂ ሽያጭ ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናቷን ያጎረሰችበት እጅ ወንጀል እንደሠራ ሁሉ ቀሚሷ ሥር ገባ።

ጠበቃው መቀመጫው ላይ መቆየት አልቻለም። ተራው እስኪደርስም አልጠበቀ። እንዲህ ያለ ክርክር የሰማ ሰው እንዴት ተቀምጦ ይሰማል! ልጅ እናቷን ብታበላ ዋጋ ከሆነ ጡትም ብድር ነው፣ እሹሩሩም ደረሰኝ ይቆረጥበት! ሁሉን በሚዛን ካላስቀመጡ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች መጥተው የእናትንና የልጅን ጉርሻ ገበያ ሊያወጡት! የተዘጋጀበትን ንግግር ረሳው፤ ወረቀቱን ገፋው፤ ጠረጴዛውን ደለቀ፤

"ክብርት ዳኛ! ደንበኛዬ ክፍሉን ሸጠች! ሸጠች እንጂ አልሸጠችም!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፣ አጠገቡ ያለው ተከተለው፣ ሳቁ ወንበር ለወንበር እየዘለለ መጣ።

"ጸጥታ!" አለች ዳኛዋ። "ጠበቃ፣ አልገባኝም። ሸጠች ነው የሚሉት?"

"አይደለም! ሸጠች አይደለም! ሸጠች ነው የምለው!"

ጸሐፊው እጁን ከመጻፊያው አነሣ። "ክብርት ዳኛ፣ በየትኛው ልጻፈው?"

"በእሻቱ ሸ!" ብሎ ጮኸ ጠበቃው። "በእሻቱ!"

ቁጣ ምራቅ ያበዛል፣ ምራቅ ልጓሙን ያንሳፍፈዋል፤ በጮኸ ቁጥር ይብስበታል። ይህን ያውቃል፤ ግን ሲናደድ ዝግ ብሎ መናገር በሕይወቱ የተማረው ሙያ አይደለም። ሰ የሌለበትን ቃል ለመፈለግ አእምሮውን አራገፈ። ሌላ ጊዜ እንደ ጎርፍ የሚመጣው ቃል ሁሉ ዛሬ ሰ እየያዘ ይመጣበታል፤ ለገሰች፣ አወረሰች፣ በስጦታ። በመጨረሻ አንድ አገኘ።

"ቸረች!" አለ። "ቸረቻት!"

ቅቤው በዝግታ እጁን አወጣ። "ይቅርታ፣ ቸረች ነው ወይስ ቸረቸረች?"

አሁን ጸሐፊው ራሱ ሳቀ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ጠበቃውን ከፀጉሩ እስከ ከረባቱ አየችው። ለስለስ ብላ ጠየቀች፤ እሷን የሚያውቅ ሰው ይህ ልስላሴ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል።

"ጠበቃ፣ የመናገር ችግር አለብዎት? ካለ ይንገሩኝ፤ አምስት ደቂቃ ዕረፍት እሰጣለሁ።"

በሩ ይኸውና ተከፍቶለታል። "አዎ" ቢል በቂ ነው። ወጥቶ፣ አውልቆ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ሊመለስ። ግን የቅቤው ዓይን ፊቱ ላይ ነው። የኋላ ወንበሮቹ ገና ሳቃቸውን አልጨረሱም። ነገ ኮሪደሩ ላይ የሚባለው ከአሁኑ ተሰማው፤ "ምላጭ ጥርስ እያሠራ ነው አሉ! ሊሞሸር ነው!"

"የለብኝም" አለ።

ይቺ ቃል ሰ የለባትምና ኮለል ብላ ወጣች። ችሎቱ ውስጥ ከአፉ ከወጡት ሁሉ እንደሷ ጥርት ያለች ቃል አልነበረችም፤ ውሸት የነበረችውም እሷ ብቻ ናት።

ቅቤው ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። "እንግዲያው ነገሩ ቀለለልን፣ ክብርት ዳኛ። ችግር የለብኝም ያለ ጠበቃ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ሸጠች ብሏል። የጠበቃ ቃል የደንበኛው ቃል ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተከሳሾቹ ሽያጩን እንዳመኑ ይመዝገብልኝ።"

ዳኛዋ ጠበቃውን ትንሽ ጠበቀችው። ምላሱ ከፕላስቲኩ ጀርባ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወደ ጸሐፊው ዞረች።

"ይጻፉ። የተከሳሽ ጠበቃ…"

የወንበር እግር ወለሉን ፋቀው። ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላለች። ልጅቷ ክንዷን ይዛ ልታስቀምጣት ትሞክራለች፤ እሷ ግን ዓይኗን ጠበቃዋ ላይ ተክላለች። አልጮኸችም። የሰው ማንነት እንደሚያጣራ ሰው ነው የጠየቀችው።

"አንተ ልጅ፣ ሸጥከኝ?"

ጠበቃው ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው ኖሯል፤ የከዳ ወዳጅ "ሸጠኝ" ይባላል፤ ጉቦ የበላ ምስክር "ሸጠን" ይባላል። እሱ ራሱ ስንቱን ሰው በዚህ ቃል አዋርዷል! በእሱ ላይ ሲባል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው። ለክፍሉ ለመከራከር መጥቶ ክፍሉን በጥርሱ ለውጦ ሊሄድ ነው። ወንድምየው ከኋላ ተደላድሎ ተቀምጦ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ቅጭል ቅጭል ይላል።

"ክብርት ዳኛ" አለ። "አንዴ።"

እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጥፍሩን ወደ ኋላኛው መንጋጋ ሰደደ። አዲስ ስለሆነ አልላቀቅ አለው። አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ በሁለት እጁ ገባበት፤ ጎንበስ አለ፤ አንዴ ቀቅ አለና የላይኛው ወጣ፣ ቀጭን የምራቅ ክር እየጎተተ። ከዚያ የታችኛው። ሁለቱን ግልጽ ቅስቶች መዳፉ ላይ ዘርግቶ ቆመ። ከረባቱ ረጥቧል።

"ማስተካከያ ነው" አለ፤ ድምፁ ተመልሷል። "ጥርሴን እያቀናሁ ነው። ይህ አፌ ውስጥ ሲሆን ሰ ማለት አልችልም። ደንበኛዬ ክፍሉን ሰጠች። ሰጠች ነው የምለው፤ ከመጀመሪያውም።"

ሳቁ መጣ። ይመጣል ብሎ ሲፈራ እንደኖረው ሁሉ መጣ፤ ትልቅ ነበር፣ ግድግዳ የሚመታ። ቅቤው ግን አልሳቀም፤ የያዘው ነገር ከእጁ ሊያመልጥ መሆኑ ገብቶታል።

"ክብርት ዳኛ፣ ይህ ዘዴ ነው! እምነቱ ከተሰማ በኋላ ፕላስቲክ አውጥቶ…"

"ይቀመጡ" አለችው። መነጽሯን አስተካከለች። "ጠበቃ፣ ያስገቡት።"

"ምን አሉኝ?"

"መልሰው ያስገቡት። ውሉን ይያዙ፤ ሁለተኛውን መስመር ያንብቡልኝ። ከዚያ አውልቀው ያንብቡት። ጸሐፊው የሰማውን እንደሰማው ይጽፋል።"

ሌላ ሰው ቢያዝዘው ይግባኝ ይል ነበር። ፕላስቲኩን መልሶ ገጠመ፣ ነክሶ አስገባው፣ ወረቀቱን አነሣ።

"ሸጪ… ለሽጦታ ተቀባይዋ… በፈቃዷ ሸጥታለች።"

ሕዝቡ ሆዱን ያዘ። ጠበቃው የንባቡን ያህል ሳቁንም እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ቀና ብሎ፣ እጁን አፉ ላይ ሳይጭን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አወለቀና አነበበ።

"ሰጪ ለስጦታ ተቀባይዋ በፈቃዷ ሰጥታለች።"

"ይበቃል" አለች ዳኛዋ። "እምነት ተብሎ የተጠየቀው አይመዘገብም። አሁን ሌላ ልጠይቅዎ። ሰ ሸ መሆኑ የፕላስቲኩ ነው። 'የለብኝም' ያሉትስ የማነው?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣው ሥራ ፈታ። የሚቆጣው በማን ላይ ነው?

"የኔ ነው። አፍሬ ነው የዋሸሁ።"

"ይህ በተግሣጽ ይመዘገባል። አሳፋሪ ባልሆነ ነገር አፍረው ደንበኛዎን አሳልፈው ሊሰጡ ነበር። ክርክርዎን ይጨርሱ።"

ጨረሰ። ማስተካከያዎቹን የሚያኖርበት ሣጥን መኪናው ውስጥ ነው የቀረው፤ ስለዚህ በግራ እጁ እንደጨበጣቸው በቀኙ ተከራከረ። ጥርሱ ተገልጦ፣ ገና ያልቀናው ከጎረቤቱ ላይ ያልወረደው ጥርስ ለሁሉ እየታየ፣ ምራቁን እየዋጠ ተናገረ። ልጅቷ ምግብ ማቅረብ የጀመረችው ከውሉ በፊት መሆኑን፣ ገና ጠርዝ መጥለፍ ስትማር ጀምሮ ያገኘችውን ለእናቷ እንደምታመጣ፣ ውሉ ነገ ቢቀደድ ማታውኑ ራት ይዛ እንደምትመጣ ተናገረ። "ዋጋ ቢሆን ኖሮ" አለ፣ "ክፍሉ ሲቆለፍባት መክፈሏን ታቆም ነበር። አላቆመችም። ዛሬ ጠዋት እንኳ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦ ቆርሳ ስታጎርሳት አይቻለሁ።"

"ያም ቢሆን ዋጋ…" ብሎ ጀመረ ቅቤው።

"ዋጋ!" አለ ጠበቃው፤ ቡጢው ተጨበጠ። ከውስጡ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ። ወደ ታች አላየም።

*

ዳኛዋ ወጥታ እስክትመለስ ማንም ከችሎቱ አልተነሣም። ጠበቃው ብቻ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። ምላሱ ባዶ ጥርሶቹን ይዳስሳል፤ ፕላስቲኩ ከወጣ ወዲህ እያንዳንዳቸው ወደ ድሮ ቦታቸው የሚሳቡ ይመስለዋል። ልብስ ሰፊዋ አላናገረችውም። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ጣቶቿን ተራ በተራ ታፍታታለች።

ዳኛዋ ገባች፤ ሁሉም ቆመ። አጭር አደረገችው። እናትን መጦር የዕቃ ዋጋ አይደለም አለች። ቀጥላ ወደ ውሳኔው ስትደርስ ችሎቱ በሙሉ አንገቱን ወደ ፊት አሰገገ፤ ቃሉን ለመስማት ሳይሆን የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ለመስማት።

"ተከሳሽ ክፍሉን ሰጥታለች። ክሱ ውድቅ ነው። ቁልፉ አሁኑኑ ይመለስ።"

"ምን አለች?" አለች ልብስ ሰፊዋ። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ያን ጠዋት ግን ጆሮዋን ማመን ትታለች። "ምን አለች፣ ልጄ?"

"ሰጥታለች አለች፣ እማዬ።"

ወንድምየው ተነሣ። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን ቁልፉን እጇ ላይ አላኖረውም፣ እግሯ ሥር ጣለው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መዳፏ ውስጥ ደብቃ ጨበጠችው። "እማዬ፣ እንሂድ፤ ያቺ የሠርግ ቀሚስ እኮ ያለ እጅጌ ቀርታለች" አለች።

ልብስ ሰፊዋ ግን መጀመሪያ ወደ ጠበቃው መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች፤ አጭር ናት፣ ቀና ብላ ነው የምታየው።

"'ሸጥከኝ' ያልኩህን ይቅር በለኝ አልልህም" አለችው። "ለጥቂት ሸጠኸኝ ነበር።"

"እውነት ነው፣ እማማ።"

"ደግሞ ለምኑ? ለዚህ!" የተጨበጠ እጁን በጣቷ ነካችው። "እስቲ አሳየኝ።"

መዳፉን ከፈተ። የታችኛው ደህና ነው፤ የላይኛው ለሁለት ተሰብሯል። አንሥታ በብርሃን አየችው፣ ስብራቱን ገጠመችው፣ አላቀቀችው።

"ይሰፋል?"

"አይሰፋም።"

"እንግዲያ አስተካክለህ ጨርስ። ሰው እየሳቀ አፉን አይይዝም፤ ደስ አይልም።" ሰባራዎቹን መልሳ መዳፉ ላይ አኖረችና ልጇን ይዛ ወጣች። ልጅቷ በሩ ላይ ዞር ብላ በሁለት እጇ ቁልፉን እንደያዘች እጅ ነሣችው።

ጠበቃው ኮሪደሩን በረጅም እርምጃ እየሄደ ስልኩን ደወለ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሲያልፍ ተጠቃቀሱ፤ አንዱ ሰ እና ሸ እያለ ጓደኛውን ሊያስቅ ይሞክራል። ወሬው ከሱ ቀድሞ ወጥቷል።

"ዶክተር፣ የላይኛውን ሰበርኩት።"

"እንዴት? በምግብ?"

"በክርክር።"

"አፍዎ ውስጥ እያለ?"

"እጄ ውስጥ እያለ።"

"ማለትም አፍዎ ውስጥ አልነበረም።"

"ረጅም ነገር ነው፤ ችሎቱ ሁሉ አይቶታል፣ እርስዎም ይሰሙታል። ልምጣ?"

"የበፊቱን ያጥልቁና ነገ ጠዋት ይምጡ። አንድ ቀን ምንም አይለውጥም፤ ይረጋጉ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"ነገማ ችሎት አለኝ" አለ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መውረድ ጀምሯል። "ከነልጓሙ ነው የምገባው። ዛሬ ይሥሩልኝ፤ ማታ ጮክ ብዬ የማነበው አለኝ።"